ወርቃማው በር ያልደረሰው መንገድ

ከኦክላንድ ተነሥቶ በቤይ ብሪጅ ድልድይ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚሻገር ባለ መኪና፣ ዘመኑ ከ1959 እስከ 1989 ባሉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ የሆነ እንደ ሆነ፣ ከድልድዩ ወርዶ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ፣ በዐምዶች ላይ በቆመ ባለ ሁለት ደርብ የኮንክሪት መንገድ ላይ ይወጣና፣ በአንድ ወገን የባሕረ ሰላጤውን ውኃና የመርከቦቹን ማቆሚያ፣ በሌላው ወገን የባንኮችንና የመድን ድርጅቶችን መስኮቶች እየተመለከተ፣ የወደቡንም የሰዓት ማማ ከዐይኑ ትክክል አልፎ፣ ጉዞዬን ገና ጀመርሁ ሲል መንገዱ ብሮድዌይ በሚባለው ጎዳና ላይ ያልቅበት ነበር። ያልቅበት ነበር ማለቴም ለአነጋገር ያህል አይደለም፤ መኪናዎቹን ወደ ምድር የሚያወርደው መውጫ ወደ ጎን ሲታጠፍ፣ ዋናው መንገድ ግን ወደ ፊት ሊቀጥል አስቦ የተከለከለ መሆኑ እንዲታወቅ ጫፉ በአየር ላይ ተቆርጦ ቀርቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ መንገድ በግዛቱ መዝገብ የካሊፎርኒያ ግዛት መንገድ ቁጥር 480፣ በሕዝቡ አፍ ደግሞ ኢምባርካዴሮ ፍሪዌይ ይባል ነበር። ከፍ ብሎ የተሠራው ክፍል ርዝመቱ 1.2 ማይል፣ ይኸውም ሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላ ነው። ስለ አሜሪካ ታላላቅ ጎዳናዎች፣ አህጉሩን ከባሕር እስከ ባሕር ስለሚያቋርጡት ብዙ ተጽፏል፤ ነገር ግን አንድ ሕዝብ በመንገድ ላይ ያለውን ሐሳብ እንዴት እንደሚለዋውጥ፣ አንዴ የተሠራንም ነገር ለመመለስ ምን ያህል እንደሚቸገር ለመመርመር የሚሻ ሰው፣ ከእነዚያ ሁሉ ይልቅ ይህን በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ መንገድ ቢያጠና የበለጠ ትምህርት ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

መንገዱን የሚወዱትና የሚጠሉት ሰዎች የተለያዩት በጠባይ ወይም በዕውቀት ሳይሆን በቆሙበት ስፍራ ነበር። በላይኛው ደርብ ላይ የሚነዳው ሰው ውኃውን፣ ደሴቶቹን፣ ጉም የለበሱትን ኮረብቶች በአንድ ጊዜ ስለሚያይ፣ ከተማዋን ከዚህ የተሻለ አድርጎ የሚያሳይ ስፍራ የለም ቢል አይፈረድበትም። በማርኬት ጎዳና ወደ ባሕሩ በእግሩ የሚወርደው ሰው ግን፣ የጎዳናው መድረሻ ሆኖ የተሠራውን የፌሪ ቢልዲንግ ሕንጻ በሙሉ ማየት አይችልም ነበር፤ ማማው ከላይ ብቅ ብሎ ይታያል እንጂ የሕንጻው ፊት በሁለቱ የኮንክሪት ደርቦች ተጋርዶ፣ ከሥራቸው ያለው ምድር በቀትር እንኳ ጥላ የሰፈነበት፣ የመኪና ማቆሚያና የጢስ ማደሪያ ሆኖ ነበር። ስለዚህ አንዱ ስለ ውበቱ ሲናገር ሌላው ስለ ጨለማው ይመልስለታል፤ ሁለቱም እውነት ተናጋሪዎች ነበሩ።

የነገሩን ጥንት ለመረዳት ግን ከመንገዱ በፊት የነበረውን መሬት፣ መሬት ከመሆኑም በፊት የነበረውን ውኃ ማሰብ ያስፈልጋል። ዛሬ ባንኮቹ የቆሙበት ሰፈር በ1849 የወርቅ ፍለጋ ዘመን ዬርባ ብዌና የሚባል የባሕር ወሽመጥ ነበር። ከዓለም ዙሪያ ወርቅ ፈላጊዎችን ጭነው የመጡ መርከቦች፣ መርከበኞቻቸው ሳይቀሩ ወደ ወርቁ ተራሮች ስለ ነጐዱ፣ ባለቤት አጥተው በወሽመጡ ውስጥ ቀሩ፤ አንዳንዶቹ መጋዘንና የእንግዳ ማደሪያ ሆኑ፣ ሌሎቹም ሰምጠው ወይም ተቃጥለው፣ ከአሸዋና ከጥራጊ ጋር የመሬቱ ሙሌት ሆኑ። ከዚያ በኋላ የባሕር ግንብ ተሠርቶ ውኃው ወደ ኋላ ሲገፋ፣ ከግንቡ ወዲህ ያለው ሁሉ ከተማ ሆነ። ይህን ልብ ማለት የሚያሻው ለታሪክ ጌጥነቱ ብቻ አይደለም፤ በሙሌት አፈር ላይ የቆመ ነገር ርእደ መሬት በመጣ ጊዜ የሚያገኘው ዕጣ በዓለት ላይ ከቆመው የተለየ ስለ ሆነ ነው።

በዚህ የባሕር ግንብ ላይ በ1898 ኤ ፔጅ ብራውን የተባለው የሥነ ሕንጻ ሊቅ የነደፈው ፌሪ ቢልዲንግ ተከፈተ። በስፔን አገር በሴቪል ካቴድራል ካለው ከስመ ጥሩው የሂራልዳ ማማ ቅርጹን የወሰደው የሰዓት ማማው ቁመቱ 245 ጫማ ነው። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ከምሥራቁና ከሰሜኑ ዳርቻ ወደ ከተማይቱ የሚገባው ሰው ሁሉ በመሻገሪያ ጀልባ መጥቶ በዚህ ሕንጻ ሥር ያልፍ ስለ ነበረ፣ በሥራ ቀን እስከ 50,000 የሚደርስ ሕዝብ ይመላለስበት ነበር። በ1906 ከተማይቱን ያወደመው ርእደ መሬትና እሳት እንኳ አላፈረሰውም። ያዳከመው ሌላ ነው፤ በኅዳር ወር 1936 ቤይ ብሪጅ፣ በግንቦት ወር 1937 ደግሞ የወርቃማው በር ድልድይ ተከፈቱና፣ ጀልባ የለመደው ሕዝብ ወደ መኪና ዞረ። በ1958 የኦክላንድ የመጨረሻው የባቡር ኩባንያ ጀልባ ሲቆም፣ ሕንጻው የመንገደኛ መናኸሪያ መሆኑ ቀርቶ የቢሮ ክፍሎች ማደሪያ ሆነ። እንግዲህ መንገዱ በፊቱ ሲሠራ የሚከላከልለት ብዙ ወዳጅ አልነበረውም፤ የሚጠቀምበት የሌለው ሕንጻ ጠበቃ አያገኝም።

ሁለቱ ድልድዮች ሲከፈቱ አንድ ጥያቄ ተወለደ። ከምሥራቅ በቤይ ብሪጅ የገባ መኪና ወደ ሰሜን በወርቃማው በር ለመውጣት ቢፈልግ፣ በከተማይቱ መካከል በመብራቶችና በመስቀለኛ መንገዶች እየቆመ ማለፍ ነበረበት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የከተማይቱና የግዛቱ መሐንዲሶች ለዚህ ያገኙት መልስ ሁለቱን ድልድዮች በባሕሩ ዳርቻ ዞሮ የሚያገናኝ፣ መብራትና መስቀለኛ የሌለበት ፍሪዌይ ነበር። በካርታ ላይ ላየው ሰው ይህ እንከን የሌለበት ሐሳብ ነው፤ ሁለት ነጥቦች አሉ፣ በመካከላቸው መሥመር ይሰመራል። በ1948ና በ1951 የወጡት የከተማይቱ የመንገድ ዕቅዶች ይህን መሥመር ብቻ ሳይሆን፣ ከተማይቱን በየአቅጣጫው የሚሰነጣጥቁ ሌሎች በርካታ መሥመሮችንም ይዘው ነበር።

ገንዘቡስ ከየት ነበር? የካሊፎርኒያ ሸንጎ በ1947 ባወጣው ኮሊየር–በርንስ በሚባለው ሕግ የቤንዚን ቀረጥ ከፍ እንዲል ተደርጎ፣ ገቢውም ለመንገድ ሥራ እንዲውል ተወሰነ። ቀጥሎም በ1956 በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዘመን የወጣው የፌዴራል መንግሥት ዐዋጅ 41,000 ማይል ርዝመት ያለው የኢንተርስቴት መንገድ እንዲሠራ አዝዞ፣ ከመቶ 90 እጁን ወጪ የፌዴራሉ ግምጃ ቤት እንዲሸከም አደረገ። አንድ ከተማ ዐሥር ብር አውጥቶ የመቶ ብር መንገድ የሚያገኝ ከሆነ እምቢ ለማለት ልቡ የሚደነድነው በጣም ጥቂቱ ነው። የዚያን ዘመን መሐንዲሶች በክፋት የሚከስሱ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ ግን ገንዘቡ ለመንገድ ብቻ ተብሎ በተመደበበት አገር መሐንዲሱ መንገድ በመሥራቱ የሚፈረድበት አይመስለኝም።

ስለ ቁጥሩም ጥቂት ልበል፤ ነገሩ ለፌዝ የቀረበ ነውና። በኢንተርስቴት ሥርዓት ሦስት አኃዝ ያለው መንገድ የኋለኞቹ ሁለት አኃዞች የወላጅ መንገዱን ስም ይነግራሉ፤ 480 ከ80 የተወለደ ነው ማለት ነው። የፊተኛው አኃዝ ተጋማሽ ሲሆን መንገዱ በከተማ ዙሪያ ወይም በከተማ መካከል አልፎ ከሌላ ዋና መንገድ ጋር ተመልሶ የሚገናኝ መሆኑን ሲያመለክት፣ ጎደሎ ሲሆን ግን ወደ ከተማ ገብቶ በዚያው የሚቀር መሆኑን ያስረዳል። እንግዲህ በሥርዓቱ ደንብ ብሮድዌይ ላይ የቀረው መንገድ ይገባው የነበረው ጎደሎ ቁጥር ነው። የተሰጠው ቁጥር ሊሆን ያሰበውን እንጂ የሆነውን አይናገርም ነበር።

በየካቲት ወር 1959 መንገዱ እስከ ብሮድዌይ ተከፈተ። ከመሠራቱ በፊት፣ ቢያንስ በፌሪ ቢልዲንግ ፊት ያለው ክፍል ከመሬት በታች ይሂድ ብለው የተከራከሩ ሰዎች ነበሩ፤ ወጪው ተቈጥሮ ሐሳባቸው ተጣለ። ሕዝቡ ግን ሥዕሉን በወረቀት ላይ አይቶ ያልገባውን ነገር፣ ዐምዶቹ ሲተከሉና ደርቦቹ ሲዘረጉ ተረዳው። መንገዱ በሚሠራበት ጊዜ በየሰፈሩ የሚኖሩ ሰዎች፣ ነገ በእኛም ደጅ ይህ ነው የሚመጣው እያሉ ይሰበሰቡ ጀመር፤ የከተማው ምክር ቤትም መንገዱ ከመከፈቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በጥር ወር 1959፣ ከታቀዱት ዐሥር ፍሪዌዮች ሰባቱን እንደማይቀበል ወሰነ። ከሰባቱ አንዱ ኢምባርካዴሮን ከብሮድዌይ ወደ ወርቃማው በር የሚያደርሰው ቀሪ ክፍል ነበር። ስለዚህ መንገዱ ገና መኪና ሳይረግጠው ዕድገቱ የተቋረጠበት መንገድ ነው።

አንድ ከተማ የግዛቱንና የፌዴራሉን መንግሥት ዕቅድ እንዴት ሊያስቆም ቻለ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር፣ መልሱ ከድፍረት ይልቅ በሕጉ ውስጥ ይገኛል። በካሊፎርኒያ ሕግ መሠረት ግዛቱ ፍሪዌይ ሲሠራ የሚዘጉት የከተማ ጎዳናዎች እንዲዘጉ የከተማው ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ብዙ ከተሞች ይህን ፈቃድ እንደ ተራ ፊርማ ሰጥተው ያልፉ ነበር፤ ሳን ፍራንሲስኮ ግን ፊርማውን ያዘች። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በግንቦት ወር 1964 በወርቃማው በር መናፈሻ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ በመናፈሻው ጫፍ በኩል ሊያልፍ የታሰበውን ፍሪዌይ በንግግርና በዜማ ተቃወመ፤ በ1966 ምክር ቤቱ ይህንኑ መንገድ በ6 ድምፅ ለ5 ጣለው። በዚያ ትግል ውስጥ ስማቸው ከተነሡት ሰዎች አንዷ ሱ ቢርማን ነበሩ፤ በኋላ ራሳቸው የምክር ቤቱ አባል ሆኑ፤ ስለ እርሳቸው ወደ ታች እመለሳለሁ።

ቁጥር 480 ወዴትም እንደማይደርስ ሲታወቅ በ1965 ከኢንተርስቴት ሥርዓት ተሰረዘ፤ ከ1968 ጀምሮም የግዛቱ መንገድ ሆኖ በቁጥሩ ብቻ ኖረ። በወረቀት ላይ ከወርቃማው በር ድልድይ ደቡባዊ መዳረሻ የሚነሣው ዶይል ድራይቭም የዚሁ ቁጥር ክፍል ነበር፤ አንዱ ራስ በምሥራቅ፣ ሌላው ራስ በሰሜን ምዕራብ ቆመው፣ በመካከላቸው ያልተሠራ መንገድ ለሃያ ዓመታት በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ሰፍሮ ነበር ማለት ነው።

ሕዝቡ ከግማሹ መንገድ ጋር መኖርን ለመደ። በ1971 ከመንገዱ ሥር ባለው አደባባይ፣ አርማን ቫያንኩር የተባለው የኩቤክ ተወላጅ ቀራጺ ከኮንክሪት ቱቦዎች ያቀናበረው ታላቅ የውኃ ምንጭ ተመረቀ። ብዙ ሰው አስቀያሚ ነው ብሎት ነበር፤ ከኋላው የሚያልፈውን የኮንክሪት ግንብ አብሮ ሲያየው ግን ቀራጺው ለዚያ ስፍራ የሚስማማ መልስ መስጠቱ ይታወቃል። በኋላ መንገዱ ሲፈርስ ምንጩ ብቻውን ቀርቶ፣ ጠያቂው የሞተበት መልስ ሆነ።

መንገዱ ይፍረስ የሚለው ሐሳብ ከርእደ መሬቱ በፊት እንደ ነበረ ብዙ ሰው አያስታውስም። በ1985 ምክር ቤቱ እንዲፈርስ ድምፅ ሰጠ፤ ዳያን ፋይንስታይን ከንቲባ በነበሩበት በዚያ ጊዜ፣ በምትኩ ሰፊ ጎዳናና የትራም ሐዲድ የሚዘረጋ ዕቅድ ተነድፎ ነበር። ነገሩ በሰኔ ወር 1986 ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ ግን መራጮቹ አልተቀበሉትም። ዛሬ የከተማ ዕቅድ ሊቃውንት በየጉባኤው የኢምባርካዴሮን ታሪክ ሲያወሱ፣ ሕዝቡ አስቀያሚውን መንገድ ጠልቶ አፈረሰው ብለው ይጀምራሉ፤ የ1986ቱን ድምፅ የሚያነሡት ጥቂቶች ናቸው። እውነቱ ግን ሕዝቡ ጠይቀውት እምቢ ማለቱ ነው።

እምቢ ያለበትም ምክንያት አለው። በቀን በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ መኪናዎች በዚህ መንገድ ይመላለሱ ነበርና፣ ሲፈርስ ወደየት ይሄዳሉ የሚለው ጥያቄ ከንቱ አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ የብሮድዌይ መውጫ ከቻይና ሰፈር ደጃፍ ነበረ። ልጆቻቸው ወደ ኦክላንድና ወደ ሌሎቹ የምሥራቅ ዳርቻ ከተሞች የፈለሱ ቻይናውያን ቤተሰቦች፣ በሰንበት ሙሉ ቤተሰባቸውን መኪና ላይ ጭነው፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ በሁለት ደቂቃ ብሮድዌይ ደርሰው፣ አትክልቱንና ዓሣውን ሸምተው፣ ምሳ በልተው ይመለሱ ነበር። ለሰፈሩ ነጋዴ መንገዱ የደምበኛው መምጫ ነው። ለእርሱ ስለ ፌሪ ቢልዲንግ መጋረድ መናገር፣ ሳይርበው ስለ ጾም እንደሚሰብክ ሰው መሆን ነበር። (በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት የከፈቱ ወገኖቻችንም፣ ከመኖሪያው ርቆ የሄደ ወገን ለአንድ ሰዓት ምሳ ብሎ ድልድይ ተሻግሮ እንደሚመጣ ያውቃሉና ይህን ነገር ለመረዳት አይቸገሩም።)

ጥቅምት 7 ቀን በኛ 1982 ዓመተ ምሕረት፣ በእነርሱ ኦክቶበር 17 ቀን 1989፣ ዕለቱ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ሲሆን፣ በሳንታ ክሩዝ ተራሮች ሎማ ፕሪዬታ በሚባለው ጫፍ አቅራቢያ መጠኑ 6.9 የሆነ ርእደ መሬት ተነሣ። በዚያ ሰዓት በካንድልስቲክ ስታዲየም የሳን ፍራንሲስኮና የኦክላንድ የቤዝቦል ቡድኖች ለአገሪቱ ዋንጫ ሊጋጠሙ ተሰልፈው ነበር፤ ብዙ ሰው ጨዋታውን ለማየት ቀድሞ ወደ ቤቱ በመግባቱ መንገዶቹ ከወትሮው እንደ ቀለሉ፣ ይህም ብዙ ነፍስ እንዳተረፈ ይነገራል። መንቀጥቀጡ የቆየው ለዐሥራ አምስት ሴኮንድ ያህል ነው። በጠቅላላው 63 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ 42ቱ የሞቱት በኦክላንድ በሳይፕረስ ጎዳና ላይ የነበረው ባለ ሁለት ደርብ ፍሪዌይ፣ ላይኛው ደርብ በታችኛው ላይ ሲወድቅ ነው። ከቤይ ብሪጅም ላይኛው ደርብ 50 ጫማ የሚሆን ቁራጭ ወደቀ። በሳን ፍራንሲስኮ ማሪና በሚባለው በሙሌት አፈር ላይ በተሠራው ሰፈር ቤቶች ተዘምመው እሳት ተነሣ፤ የምድር የውኃ ቧንቧዎች ስለ ተሰበሩ፣ ፊኒክስ የምትባለው የእሳት አደጋ ጀልባ ከባሕሩ ውኃ እየሳበች ትረጭ ነበር።

ሳይፕረስ ለምን ወደቀ የሚለው ጥያቄ የኢምባርካዴሮን ዕጣ ወሰነ። በ1950ዎቹ የተሠሩ እንዲህ ያሉ ባለ ሁለት ደርብ መንገዶች፣ ላይኛውን ደርብ የሚሸከመው ዐምድ ከታችኛው ጋር በሚጋጠምበት ስፍራ፣ ቁመው የሚሄዱት ፌሮዎች በቂ ዙሪያ ማሠሪያ አልነበራቸውም። ሕንጻው ተረጋግቶ ቆሞ ሳለ ክብደቱ ወደ ታች ብቻ ስለሚጫን ይህ ጉድለት አይታወቅም፤ ምድር ወደ ጎን ስትወዛወዝ ግን ኮንክሪቱ ከመጋጠሚያው ፈንድቶ፣ ፌሮው ወደ ውጭ ይተነፍሳል፣ ዐምዱም ይከዳል። በዚህ ላይ ከሳይፕረስ ሥር ለስላሳ ጭቃ ነበረ፤ ለስላሳ አፈር ደግሞ መንቀጥቀጡን ያበረታዋል። ኢምባርካዴሮ በዘመንም በአሠራርም የሳይፕረስ ዘመድ ነበረ፤ የቆመበትም ምድር፣ ቀደም ብዬ እንዳልሁት፣ የመርከብ ፍርስራሽ ያለበት ሙሌት ነው። አልወደቀም፤ ነገር ግን ዐምዶቹ ስለ ተሰነጠቁ በዚያው ዕለት ለመኪና ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲያም አልተከፈተም።

መንገዱ ከተዘጋ በኋላ የሆነው ነገር ከርእደ መሬቱ ያላነሰ ይደንቀኛል። ቤይ ብሪጅ በወሩ ተጠግኖ ሲከፈት፣ በኢምባርካዴሮ ላይ ግን ከተማይቱ ተከራከረች። የግዛቱ መሐንዲሶች ዐምዶቹን አጠናክሮ መልሶ መክፈት እንደሚቻል ይናገሩ ነበር፤ ሥራውም ታስቦበት ነበር። ከንቲባው አርት አግኖስ መንገዱ እንዲፈርስ ሐሳብ አቀረቡ። የቻይና ሰፈር ነጋዴዎች መንገዱ በተዘጋባቸው ወራት ገበያቸው ሲወድቅ አይተው ነበርና፣ ሮዝ ፓክ የተባሉት የሰፈሩ ስመ ጥር ተሟጋች ከፊት ሆነው አጥብቀው ተቃወሙ። ከንቲባው ከእነርሱ ጋር በምርጫ ወዳጆች ነበሩ፤ ስለዚህ ክርክሩ የመንገድ ብቻ ሳይሆን የታማኝነት ክርክርም ሆነ። በ1990 ምክር ቤቱ በጠባብ ብልጫ የከንቲባውን ሐሳብ ተቀበለ።

የካቲት 27 ቀን 1991 ማፍረሻ መኪናዎች ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዓመት የግዛቱ ሸንጎ ቁጥር 480ን ከመንገዶች መዝገብ ሰረዘው፤ ዶይል ድራይቭ በቁጥር 101 ሥር ብቻ ቀረ፤ 480 የሚባለው ቁጥርም በካሊፎርኒያ ለሌላ መንገድ አልተሰጠም። በዚያው ዓመት በኅዳርና በታኅሣሥ ምርጫ ተደርጎ፣ አርት አግኖስ በቀድሞው የፖሊስ አዛዥ በፍራንክ ጆርዳን ተሸነፉ። አንድ ከንቲባ የሚሸነፈው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የቻይና ሰፈር ድምፅ ግን ከእርሳቸው መራቁን የዚያን ጊዜ ጸሐፊዎች ሁሉ ይመሰክራሉ። ዛሬ ከተማይቱ በዓለም የምትመሰገንበትን ሥራ የሠራው ሰው፣ ሥራውን በሠራበት ዓመት በምርጫ ተሸነፈ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉም ያወድሰዋል፤ እኔም አላጥላላውም። በአሮጌው መንገድ ፋንታ በምድር ላይ ሰፊ ጎዳና ተዘረጋ፣ የካናሪ ደሴቶች የተምር ዘንባባም ተተከለበት፤ በመካከሉ የድሮ ትራሞች የሚመላለሱበት ሐዲድ በ2000 እስከ ዓሣ አጥማጆች ወደብ ደረሰ። በዚያው ዓመት በስተ ደቡብ በኩል በውኃው ዳር አዲስ የቤዝቦል ስታዲየም ተከፈተ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከማማው ፊት ለፊት፣ መንገዱ ለቅቆት በሄደው ባዶ ስፍራ ገበሬዎች በየሳምንቱ ምርታቸውን ይዘው ይቆሙ ጀመር፤ ፌሪ ቢልዲንግም ታድሶ በ2003 ሲከፈት ገበያው ወደ እርሱ ተሻገረ፤ ጀልባዎቹም እንደ ገና ወደ ደጃፉ የሚያደርሱት ሰው አገኙ። መኪናዎቹ ያነቁታል ተብሎ የተፈራው ከተማ አልታነቀም፤ ከነጂዎቹ አንዳንዱ በሌላ ጎዳና፣ አንዳንዱ በባቡር፣ አንዳንዱም በሌላ ሰዓት መሄድን መረጠ። መሐንዲሶች በካርታ ላይ የመኪናን ብዛት ሲቈጥሩ ሰው አሳቡን የሚለውጥ ፍጥረት መሆኑን ብዙ ጊዜ ሒሳብ ውስጥ አያስገቡትም።

የክሌይና የዋሽንግተን ጎዳናዎች መውጫ የነበረበት መሬት መናፈሻ ሆነ፤ ስሙም የሱ ቢርማን መናፈሻ ተባለ። በደቡብ በኩል የድልድዩ መጋጠሚያዎች የያዙት ስፍራ ደግሞ ለአዲሱ የአውቶቡስ መናኸሪያ ሰፈር ግንባታ ዋለ፤ ከሚሠሩት ቤቶች የተወሰነው እጅ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች እንዲሆን በሕግ ተደነገገ። የቀረው መሬት ዋጋው ሰማይ ነካ። በዐምዶቹ ጥላ ሥር ርካሽ ኪራይ ከፍሎ ይሠራ የነበረው ሰው ባሕሩ ሲገለጥለት ኪራዩም አብሮ ተገለጠበት፤ ይህን የሚነግር ምሁር እምብዛም አላጋጠመኝም።

የኢምባርካዴሮ ምሳሌነት ለሌሎች ፈራሽ መንገዶችም ተርፏል። በዚያችው ከተማ፣ በሄይስ ሰፈር ላይ ያልፍ የነበረው ሴንትራል ፍሪዌይ ከርእደ መሬቱ በኋላ በከፊል ተዘግቶ፣ ከ1997 እስከ 1999 ሦስት ጊዜ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ፣ አንዴ ይጠገን አንዴ ይፍረስ እየተባለ፣ በመጨረሻ በ2005 በስፍራው የኦክታቪያ ሰፊ ጎዳና ተከፈተ። ሦስት ድምፅ! እንግዲህ ያ ከተማ በመንገዱ ላይ አንድ ልብ ነበረ የሚሉትን ሰዎች እነዚህን የምርጫ መዝገቦች እንዲያነቡ እመክራለሁ።

ለቻይና ሰፈር በፍሪዌዩ ምትክ የተገባው ቃል ከመሬት በታች የሚሄድ የባቡር መሥመር ነበር፤ ሮዝ ፓክ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2016 ድረስ፣ ይህን ቃል በየከንቲባው ደጅ ሲያስታውሱ ኖሩ። ሴንትራል ሰብዌይ የሚባለው ይህ መሥመር በ2022 መጨረሻ በሰንበት ቀናት ብቻ፣ በጥር ወር 2023 ደግሞ በሙሉ ሥራ ጀመረ፤ ርእደ መሬቱ ካለፈ ከሠላሳ ሦስት ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። የመጨረሻው ጣቢያ በስቶክተን ጎዳና ሥር፣ ከአሮጌው የብሮድዌይ መውጫ ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ ሲሆን፣ በሮዝ ፓክ ስም ተሰይሟል። መሥመሩ የሚሄደው ግን ወደ ከተማይቱ ደቡብ ነው፤ ከኦክላንድ ለሰንበት ገበያ የሚመጣ ቤተሰብ በባሕሩ ሥር በሚያልፈው በባርት ባቡር ተሻግሮ፣ ማርኬት ጎዳና ላይ ወርዶ፣ በረጅሙ መተላለፊያ ሄዶ ሁለተኛ ባቡር መያዝ አለበት፤ ሲመለስም አትክልቱንና ዓሣውን በእጁ ይዞ እንዲሁ ያደርጋል።